ደህና አደርሽ፣ በአራት ነጥብ

የደሴቲቱን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እፎይ ብላችሁ «እኛ አይደለንም» ትላላችሁ። በአንድ ሐይቅ መሃል ያለች ትንሽ ደሴት መሆኗን ማወቅ ይበቃችኋል፤ በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰ ሰው ከሌላው ጫፍ «ይማርህ» የሚባልባት። እኔ ጥቂት ወራት ኖሬባታለሁ። የምተርከውን ያጫወተችኝ አንጓች የምትባል የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሚስት ናት። ስታጫውተኝ አልሳቀችም፤ እኔም ሳቁን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

በዚያች ደሴት ሰላምታ ሥራ ነበር። እንደኛ አገር አፍ ማሟሻ አልነበረም። አንድ ሰው ጎረቤቱን «ደህና አደርሽ?» ሲላት መልሱን ፈልጎ ነው። «ደህና» ካለች ሁለቱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። «አይ፣ ጣሪያዬ ሲያፈስ አደረ» ካለች ግን ጠያቂው በእጁ የያዘውን እዚያው መሬት ላይ አስቀምጦ ጣሪያ ሊከድን ይሄዳል። መጠየቅ ለመርዳት መስማማት ነበር። ሥራ የበዛበት ሰው፣ ሰው እንዳያገኝ በቋጥኙ ዙሪያ ባለው ረጅም መንገድ ይሄዳል እንጂ ጠይቆ አይሸሽም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ እሱን እንኳን አላደንቅላቸውም። ሳይጠየቁ ችግርን መናገር ነውር ነበር። ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ሲያጋጥም የሰሚው ጨዋነት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ እንዳልሰማ መሆን ነው፤ ተናጋሪው እንዳያፍር ተብሎ። ሁሉም ሁሉን በሚጠይቅበት ዘመን ይህ ልማድ ማንንም አልጎዳም። እንዲያውም ኩራታቸው ነበር።

ጠዋት ጠዋት ታንኳዎች በሚያርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንድ ለፋፊ ይቆምና የደሴቲቱን ወሬ ያሰማል። «የጠጂቱ ላም ወልዳለች፤ እንገር ያማራችሁ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። የካሴ ወንፊት ጠፍቷል፤ የወሰዳችሁ መልሱ፣ ማን እንደሆናችሁ ያውቃል። አስረስን እሾህ ወግቶታል፤ ወረንጦ ያላችሁ ድረሱለት።» ይሄው ነው። ከዚህ በላይ ዜና የሚያስፈልገው አገር ያለ አይመስለኝም።

ከሐይቁ ማዶ ሹም የተላከላቸው እንዲህ እየኖሩ ሳለ ነው። ሹመቱ «የደህና ሹም» ይባላል፤ ሥራው ደሴቲቱ ደህና መሆኗን ለማዶ ማሳወቅ ነው። የተማረ ሰው ነው፣ ለዚያውም ሰዋስው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጧት ጧት የለፋፊውን ወሬ እያዳመጠ ፊቱ ሲጠቁር ሰነበተ።

«ይሄ ሁሉ ችግር ከየት መጣ?» አለ በመጨረሻ።

«ድሮም ነበረ፣ ጌታዬ» አለ ለፋፊው።

«አልነበረም። ማዶ ተሰምቶ አያውቅም።»

ሹሙ ቤቱን ዘግቶ አሰበ። አስቦም አገኘው። ሕዝቡን በድንጋዩ ዙሪያ ሰብስቦ የችግራቸው ምንጭ ምን እንደሆነ ነገራቸው፤ የጥያቄ ምልክት። ጣሪያው የሚያፈሰው ስለሚጠየቅ ነው። እሾህ የሚወጋው ስለሚጠየቅ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሰላምታ በአራት ነጥብ ያልቃል። «ደህና አደርሽ» ሲባል ድምፅ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ያበቃል። ሰላምታ ምኞት አይደለም፣ ጥያቄም አይደለም፤ መግለጫ ነው። ደህና አድረሻል፤ ተነግሮሻል።

«ከኔ ጋር በሉ» አለ። «ደህና አደርሽ።»

«ደህና አደርሽ?» አለ ሕዝቡ።

«ወደ ታች!»

«ደህና አደርሽ።»

«እንዲያ ነው። አሁን ምን ቀለላችሁ!»

የመጠየቅ መብት ለአንድ ሠራተኛ ብቻ ተሰጠ። እሱም «ጠያቂ» ተባለ፤ ደሞዝ ተቆረጠለት፣ ጥላ ተሰጠው። የሚጠይቀው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ለፋፊውም ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ «ሁሉም ደህና አደረ» ይልና ቁርሱን ሊበላ ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ጅራፍና ዘበኛ ይጠብቅ ይሆናል። ጅራፍ አልነበረም። ዘበኛም አልነበረም። ምን ያደርጋል? ሕዝቡ አዋጁን የተቀበለው እየፈነደቀ ነው! ካሴ የሚባለው ጎረምሳ የጓሮውን አረም ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርሶ አረመ። በቋጥኙ ዙሪያ ያለው መንገድ ሣር በቀለበት፤ ማንም መዞር አላስፈለገውም። እንዲያውም እንደዚያ ዘመን ሰው ሰላም ተባብሎ አያውቅም። ጠዋት «ደህና አደርሽ»፣ ከሰዓት «ደህና ዋልሽ»፣ ማታ «ደህና አመሸሽ»፤ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያ እንደሚመታው፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። የማያስከፍል ጨዋነት አግኝተው እንዴት አይፈንድቁ! ሹሙን መርገም ቀላል ነው፤ እኔም እረግመዋለሁ። ነገር ግን ሰውየው ያመጣላቸው ለካ ድሮም ይመኙት የነበረውን ነው።

አሁን ወደ አንጓች እንምጣ።

ባሏ አያ ሙጬ አንድ ሰኞ ከሰዓት ለዓሣ ወጣ። የዚያ አገር ታንኳ ከሐይቁ ዳር ከሚታጨድ ደንገል የታሰረ ነው፤ ቢንሳፈፍም ውሃ ይጠጣል። እየጠጣ እየጠጣ ይከብዳል፤ ለዚህ ነው በየቀኑ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ የሚመታው። በውሃ ላይ ያደረ ታንኳ እስከ ቀትር ቢችል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጭድ ነው። ሰኞ ሲመሽ ነፋስ ተነሣ። ማክሰኞ ሲነጋ አያ ሙጬ አልተመለሰም።

አንጓች ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ማረፊያው ወረደች። የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው ድምፁን ወደ ላይ አድርጎ እንዲጠይቃት። የቀረው በራሱ ይከተላል። ታንኳ ይገፋል፣ መቅዘፊያ ይነሣል። ለፋፊው ድንጋዩ ላይ ቆሞ «ሁሉም ደህና አደረ» ብሎ ሲወርድ ደረሰች። ካሴ ታንኳውን እየገፋ ነው።

«ደህና አደርሽ፣ እቴ አንጓች» አለ። ወደ ታች።

ከፊቱ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፀጉሯ አልተጎነጎነም። ያየ ሰው ቢያንስ ይገምታል ብላ ነው።

«ደህና አደርሽ ብያለሁኮ» አለ ካሴ ፈገግ ብሎ። አልሰማችኝም ብሎ ነው።

«ካሴ፣ የኔ ልጅ፣ ጠይቀኝ።»

«እረ እቴ! ሰው ይሰማሻል።»

«ሙጬ አልገባም።»

ካሴ ጨዋ ቤት ያደገ ነው። ወዲያው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። «እረ በስመአብ፣ ሳልጠይቅሽ አትንገሪኝ» አላት ለራሷ እያዘነ። «ላንቺው ነው የማፍረው። ሌላ ሰው ሳይሰማሽ ቤትሽ ግቢ።» ታንኳውን ገፍቶ ሄደ። ሐይቁን እያየ ነው የሄደው፤ ሐይቁ ላይ ማን እንዳለ ግን አልጠየቀም።

ከካሴ በኋላ አስረስን አገኘች፤ ከአስረስ በኋላ ውቤን። ሁለቱም መቅዘፊያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው እየወረዱ ነበር። አስረስ «ደህና አደርሽ» ሲላት ድምፁን እንዴት ባለ ጥንቃቄ እንዳወረደው፣ ሸክም የሚያወርድ ነው የሚመስለው። ውቤ ደግሞ ከሩቅ እጁን አንሥቶ ሰላም አላትና ታንኳው ላይ ወጣ፤ ሰላምታ ከቅርብ ሲሰጥ ድምፅ ሊያመልጥ ይችላል።

አንጓች ወደ ሹሙ ቢሮ ሄደች። ጠያቂው ጥላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

«ደህና አደርሽ።»

«ጌታዬ፣ ይጠይቁኝ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁኝ።»

«ሐሙስ ቤትሽ ድረስ መጥቼ እጠይቅሻለሁ። ዝናብም ቢሆን እመጣለሁ፤ ጥላ አለኝ።»

«እስከ ሐሙስ አይቆይም።»

«ምኑ?» አለ ጠያቂው፤ ብሎም አፉን በመዳፉ ያዘ። ግራ ቀኙን አየ። «አላልኩም» አለ በጣቶቹ መሃል። «ምኑ አላልኩሽም። ምኑ። ነው ያልኩሽ። በአራት ነጥብ።»

«ብለዋል፤ ሰምቻለሁ! ባሌ ሐይቅ ላይ ነው፣ ታንኳው ውሃ እየጠጣ፣ እስከ ቀትር...»

ጠያቂው ፊቱን ወደ ሐይቁ ሊያዞር ፈለገ። ሐይቁ በአንጓች ጀርባ በኩል ስለሆነ ግድግዳውን አየ። «አልጠየቅኩሽም! አልጠየቅኩሽም!» እያለ ጮኸ።

ሹሙ ከውስጥ ወጣ። «ምንድን ነው ጫጫታው» አለ፣ በአራት ነጥብ። ሰውየው ራሱ ላወጣው ሕግ ታማኝ ነው፤ ይህን አልነፍገውም። ጠያቂው በጆሮው ሹክ አለው። ሹሙ አንጓችን በአዘኔታ አያት።

«ልጄ፣ ባልሽ ደህና ነው።»

«አዩት እንዴ ጌታዬ?»

«ማየት አያስፈልግም። ዛሬ ጠዋት ሁሉም ደህና አደረ ተብሎ ተለፍፏል። ባልሽ ከሁሉም ውስጥ የለም የምትይ ከሆነ ለፋፊውን ውሸታም አልሽው። ለፋፊውን የሾምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እንዲህ ማለትሽ ነው አልልሽም፤ አልጠይቅሽምና። ደህና ዋይ።»

ከበረንዳው ስትወርድ እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት አላወቀችም። ፀሐይ ከፍ ብላለች። ጠጂቱ ከቤቷ ደጅ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ጠጂቱ ከባሏና ከባሏ ወንድም ጋር ነው የምትኖረው፤ ሁለት ታንኳ አላቸው፣ ወንዶቹም ዛሬ ቤት ናቸው። ከአንጓች ጋር በአንድ ዶሮ ምክንያት ኩርፊያ አለ፤ ዶሮዋ የማን እንደሆነች እስከዛሬ አልተለየም።

«ደህና አረፈድሽ» አለች ጠጂቱ ቀና ሳትል።

አንጓች ቆመች። ምን እንደነካት ለኔም መግለጽ አልቻለችም። ማንም የማይጠይቃት ከሆነ እሷ ብትጠይቅስ? ሕግ መጣስ ነው፤ ይሁን።

«ጠጂቱ፣ ደህና አደርሽ?» አለች። ወደ ላይ። ከአዋጁ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰላምታ በደሴቲቱ አልተሰማም፤ ጠጂቱ ጎመኑ ከእጇ ወደቀ።

«እኔን ነው?»

«አንቺን።»

ጠጂቱ መንገዱን ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። ከዚያ አፏን ከፈተች። ወገቧ ነው። ወገቧ ከሰኔ ጀምሮ ቀጥ አላለም። ባሏ ያኮርፋል፣ ጧት ያኮርፋል ማታ ያኮርፋል፣ ምክንያቱን አይናገር። ጥጃዋ ተቅማጥ ይዟታል። አማቷ ከማዶ መልእክት ልካባታለች፣ «እመጣለሁ» ብላ፣ ያች ሴት ስትመጣ ተመልሳ እንደማትሄድ አንጓች ራሷ ታውቃለች አይደል። ዶሮዋንማ ተያት። ዶሮዋን አላነሣባትም። ብቻ ያን ዕለት «ሌባ» ያለቻት እስካሁን ከጉሮሮዋ አልወረደም።

አንጓች ባሏ እየሰመጠ ስለ ዶሮ አዳመጠች። ጠይቃለችና መስማት አለባት። ጥላዋ ከእግሯ ሥር እያጠረ እያጠረ ሲሄድ እያየች «እኔን»፣ «ውይ»፣ «አይዞሽ» እያለች ሰማች። «ሌባ ማለቴ ጥፋት ነው» አለች። «ዶሮዋም ያንቺው ናት።» ጥጃዋን ዛሬ ማታ መጥታ እንደምታያት ቃል ገባች።

ጠጂቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ እንደ ድሮው፣ ሳታስበው፣ እናቷ እንዳስተማረቻት፣

«አንቺስ?» አለች።

ሹሙ ሰዋስው የተማረ ሰው ነው ብያለሁ። ግን ይህችን አልጠረጠራትም። «ደህና አደርሽ»ን ወደ ታች ማውረድ ይቻላል። «እንዴት ነሽ»ንም እንደምንም ይቻላል። «አንቺስ»ን ግን እስቲ ድምፃችሁን አውርዳችሁ በአራት ነጥብ በሉት። ሞክሩት። አይሆንም። ያች ጭራዋ ላይ ያለችው «ስ» እጅዋን ዘርግታ መልስ ሳትቀበል አትመለስም።

«ባሌ ሐይቅ ላይ ነው» አለች አንጓች። «ከትናንት ጀምሮ።»

ጠጂቱ አፏን ያዘች። ግን ዘገየች፤ አንዴ ጠይቃለች። ጎመኑ እንደተበተነ ተነሣች። «አንተ!» ብላ ወደ ውስጥ ጮኸች። «ማኩረፉን ተወውና ታንኳውን አውጣ! ወንድምህንም ቀስቅሰው! ምንድን ነው አትበለኝ፣ አላወራልህም፣ አውጣ ብያለሁ!»

ነፋሱ ወደ ነፈሰበት፣ ወደ ቄጠማው በኩል ቀዘፉ። አንጓች ከፊት ታንኳ ላይ ተንበርክካ ነበር። ቀትር አልፎ አያ ሙጬን አገኙት። ታንኳው ከሥሩ ታጥፎ ገብቶ፣ ራሱ እስከ ብብቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ መቅዘፊያውን እንደ ሕፃን አቅፏል። ከንፈሩ ነጭ ነው።

«ሙጬ! ደህና ነህ?»

«አይደለሁም» አለ።

ወደ ታንኳው ሲጎትቱት እያለቀሰችም እየተቆጣችም «ለምን አልጮህክም? ሰው አላየህም?» አለችው።

«አይቻለሁ። ካሴ አለፈ። አስረስ አለፈ። ውቤም አለፈ፤ እሱ እንዲያውም ቀረብ ብሎ ነው ያለፈው።»

«እና?»

«ሰላም አሉኝ።»

«አንተ ምን አልክ?»

«ደህና ዋሉ አልኳቸው» አለ አያ ሙጬ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «ምን ልበል? አልጠየቁኝ።»

ሰው ተርፎ ገባ። ሹሙ ግን ደስ አላለውም። ደህና የነበረ ሰው እንዴት ይተርፋል? ምርመራ ተደረገ፤ ቀዳዳው «ስ» መሆኑ ተደረሰበት። በማግስቱ በቃል መጨረሻ ላይ «ስ» ማለት ተከለከለ። የሚጠፋው በእሳቱ ሰ ነው ወይስ በንጉሡ ሠ የሚለውን የሚያጣራ ጉባኤ ተቋቁሟል፤ እኔ ከደሴቲቱ ስወጣ ገና አልጨረሰም ነበር። እስኪጨርስ ድረስ ለጥንቃቄ ሁለቱም ተከለከሉ። አስረስ «አስረ» ተባለ። ፈረስ «ፈረ» ሆነ። ምላስ «ምላ» ሆነ፤ እሱ እንኳን ብዙ አላጎደለባቸውም።

አያ ሙጬ ደረቱን ታሞ ተኛ። ታንኳው የለም፤ አዲስ ደንገል የሚያጭድለት፣ የሚያስርለት ያስፈልገዋል። ብቻውን ያንን ለማድረግ ከአልጋ መነሣት አለበት፤ ቶሎ የሚነሣ አይመስልም። በቤቱ የሚበላው አንጓች ጠጂቱ ጋር እየሠራች የምታመጣው ነው።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

«ማነው?» አለች አንጓች።

«እኛ ነን፣ እቴ።»

ወጣች። ካሴ እርጎ በገንቦ ይዟል፤ አስረ ዶሮ አንጠልጥሏል፤ ውቤ የደረቀ ዓሣ ይዟል፣ ለዓሣ አጥማጅ። ሦስቱም ታጥበው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ነው የመጡት።

«ደህና ዋልሽ» አሉ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ቁልቁለት።

«ምነው በደህና?»

«አያ ሙጬ ታሟል ሲባል ሰማን» አለ ካሴ። «ጎረቤት አይደለን? ልንጠይቀው መጣን።»

«ልትጠይቁት?»

«እህ፣ ልንጠይቀው ነዋ!» አለ ውቤ። «የታመመ ሰው ይጠየቃል። አዋጁ እሱን አልከለከለም፤ ደጅ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ጨዋነት ነው ተብሏል።»

አንጓች ገንቦውን ተቀበለች። ዶሮዋን ተቀበለች። ዓሣውንም ተቀበለች። ከበሩ ዞር ብላ መንገድ ሰጠቻቸው።

«ግቡ» አለች። «ጠይቁት።»

ጎንበስ እያሉ ገቡ። አያ ሙጬ ከአልጋው ላይ ራሱን ቀና አድርጎ አንድ በአንድ አያቸው፤ ሐይቁ ላይ ሲያልፉ ባያቸው ቅደም ተከተል። ሦስቱ ተያዩ። ውቤ አስረን በክርኑ ነካው፤ አስረ ካሴን ነካው። ካሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ ሙጬ» አለ። «ደህና ዋል...»

ድምፁ ወደ ላይ ሊወጣ ነው ወይስ ወደ ታች ሊወርድ እሱም አላወቀም። እዚያው መሃል ላይ ቀረ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። አያ ሙጬ መልሱን በአፉ ይዞ ጠበቀው።

አንጓች በሩን ከኋላቸው ዘጋችና ተደገፈችው።